ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት ዲግሪ

ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ስንት መሰላል ግድግዳ ላይ እንዳስደገፍኩ እግዜር ይቁጠረው። ሁሉም የጠመኔ መሰላሎች ናቸው። «አምስት ሜትር ርዝመት ያለው መሰላል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እግሩ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ይርቃል። ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ስንት ነው?» እላለሁ። ተማሪዎቼ ሦስትን ለአምስት ያካፍላሉ፣ የኮሳይኑን ግልባጭ ይጫናሉ፣ «ሃምሳ ሦስት ዲግሪ!» ይሉኛል። ጎበዝ እላለሁ። መሰላሉ ላይ ግን ማንም ወጥቶ አያውቅም። እኔም ጭምር፤ ከፍታ ያዞረኛል።

አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሰውየው መሰላሉ ላይ የሚወጣው ምን ሊያደርግ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ለፈተና ነው» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ የተሻለ መልስ ስላልነበረኝ ነው የሳቅኩት።

ይህን የማወራው ትሪጎኖሜትሪ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለበትን ጊዜ ልናገር ስለሆነ ነው። ሥራ ላይ ዋለ ስል፣ ሰው ጣለ ማለቴ ነው።

የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ነቀምቴ ስመደብ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ አንድ ሻንጣ ይዤ መጣሁ። አሁን ባኬ ጃማ በሚባል ሰፈር፣ ሱቅ ያላቸው አንድ የጉራጌ አባት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ገበያ ስወጣ የቲማቲም ዋጋ በአፋን ኦሮሞ እከራከራለሁ፤ ሻጮቹ በአማርኛ ይመልሱልኛል። አነጋገሬ አሳዝኗቸው ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ትዕግሥት ኖሮት አፋን ኦሮሞ ያስተማረኝ አንድ ሰው ነበር፤ የሬከርድ ክፍል ኃላፊው።

እሳቸው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ምላሳቸው ግን የተሳለ ሰው ናቸው። የተማሪ ውጤት፣ የመምህር የሥራ ልምድ፣ የዝውውር ወረቀት፣ ሁሉም በእጃቸው ያልፋል። እኔን «ባርሲስቱ» ይሉኛል፤ አስተማሪዋ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አኖ ከተማ ያሉ ዘመዶቻቸውን ጠይቀው ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገለበጠና ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። የግራውም በብረት ተያይዞ ስለዳነ በክራንች መሄድ አልሆነላቸውም። ከስድስት ወር በኋላ በዊልቸር ሥራ ሲመለሱ ቢሯቸው እዚያው ቦታው ላይ ጠበቃቸው፤ አምስት ደረጃ ተወጥቶ።

ጠዋት ሁለት ዘበኞች ከነወንበራቸው ተሸክመው ያወጧቸዋል፤ ማታ ተሸክመው ያወርዷቸዋል። ቀን ላይ ወርደው አያውቁም። ሻይ ሲጋበዙ «ጋላቶማ፣ አሁን ጠጣሁ» ብለው አመስግነው ይመልሳሉ። ውሃ እንኳ ሲጠጡ አይቼ አላውቅም። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ታች ነው፣ ወደዚያ ለመሄድ ደግሞ ሁለት ዘበኛ መጥራት ያስፈልጋል።

ቢሯቸው ወደ ታች እንዲዛወር ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ጊዜ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ ተጽፎላቸዋል። መልሶቹን ፋይል ውስጥ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ ሥራቸው ነዋ።

ከዚያ ከበላይ አካል አንድ ደብዳቤ መጣ። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መውጫ ማዘጋጀት አለበት ይላል። መውጫው፣ ማለትም ራምፑ፣ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከአምስት ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ሪፖርቱ ከፎቶግራፍ ጋር በአንድ ወር ውስጥ ይላክ። ምክትል ርዕሰ መምህራችን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠውና ወሩ ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው ትዝ አለው። ግንበኛ ተጠራ። በደረጃው አጠገብ፣ ከበረንዳው እስከ ጽጌረዳው መደብ ድረስ፣ ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ነበር። «እዚህ ውስጥ ጨርስ» ተባለ። በአራት ቀን ጨረሰ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምክትሉ ክፍል ድረስ መጣ።

«ኮሚቴ ውስጥ ገብተሻል» አለኝ።

«የምን ኮሚቴ?»

«የራምፕ። ማዕዘኑ ተለክቶ ይጻፍ ይላል። አንቺ ሒሳብ ነሽ።»

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ምክትሉ ሰብሳቢ፣ የሥነ ዜጋ መምህሩ ጸሐፊ፣ እኔ ደግሞ ሒሳብ። ግንበኛው ሜትር ይዞ ቆሟል። በስተምዕራብ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነቀምቴ ላይ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያስጠነቅቃል እንጂ አይጠብቅም። ቁመቱን ለካን፤ ከመሬት እስከ በረንዳው ዘጠና ሴንቲሜትር። መሬት ላይ የያዘውን ርዝመት ለካን፤ ሁለት መቶ። ከዚህ በኋላ ያለው ለእኔ እንጀራዬ ነው። ቁመቱ፣ መሬቱና ተዳፋቱ አንድ ላይ ቀጤ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ይሠራሉ። ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለውን ጎን አጠገቡ ላለው ጎን ማካፈል ነው፤ ዘጠና ለሁለት መቶ፣ ዜሮ ነጥብ አራት አምስት። ይህ ታንጀንቱ ነው። የታንጀንቱን ግልባጭ ስትጫን ማዕዘኑ ይመጣል።

የእኔ ካልኩሌተር ባትሪው አልቆ ነበር። ምክትሉ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ስልኩን አጋደምኩት፣ ቁልፎቹ ወጡ፣ ተጫንኩ።

«ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ዲግሪ?» አለ ጸሐፊው፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ። «መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ቀና በሉና ጥያቄውን እዩት፤ ይመስላል ወይ?» እላቸዋለሁ። ቀና ብዬ አየሁት። አይመስልም። ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት ዲግሪ ማለት ኳስ ብታስቀምጥበት እንኳ ለመንከባለል የሚያመነታ ነገር ነው። ፊቴ ያለውን ራምፕ ግን ሰው በሁለት እግሩ ሲወጣው እንኳ ወደፊት ማዘንበል ግድ ይለዋል። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ምኑ ላይ እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣልኝም።

«ከአምስት በታች ነው አይደል?» አለ ምክትሉ።

«ከአምስት በታችማ ነው።»

«እንዲያውም ከአንድ በታች!» ፊቱ በራ። «አንድ ዲግሪ እንኳ አልሞላም! ጻፍ፣ ጻፍ።»

ግንበኛው ሜትሩን እየጠቀለለ በዝግታ፣ «ኩን ቱሉዳ» አለ። ይሄ ተራራ ነው ማለቱ ነው። ሁላችንም ሰምተናል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ስታርፍ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ወደ ብብቱ ሳብ አደረገና «ቶሎ ፈርሙ» አለ። ፈረምኩ።

ሰኞ ምረቃ ሆነ። ከላይ አንድ እንግዳ መጡ፤ ሪባን ቆረጡ፤ አካታችነትን በተመለከተ አጠር ያለ፣ ማለትም የአርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ። ከዚያ የሬከርድ ኃላፊው በራምፑ እንዲወጡ ተጋበዙ። ሁለቱ ዘበኞች ከኋላ ገቡና ይገፉ ጀመር። ፎቶ አንሺው «ዘበኞች፣ ጎንበስ በሉ፣ እንዳትታዩ» አላቸው። ጎንበስ ብለው እየገፉ፣ እያለከለኩ አወጧቸው። ፎቶው ላይ ሰውየው ብቻቸውን በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ፊታቸው ግን የሚንሳፈፍ ሰው ፊት አይደለም፤ ሁለት እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨብጧል። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ራምፕ ስላለ ተሸካሚ አያስፈልግም ተባለና ዘበኞቹ ወደ ዋናው በር ተመለሱ። ማክሰኞ የሬከርድ ኃላፊው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራቸው አልመጡም። ረቡዕ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ ከጽጌረዳው መደብ ውስጥ እያነሷቸው ነበር። ብቻቸውን ሲወጡ እስከ መሐል ደርሰዋል። እጃቸው ሲዝል ጎማው አመለጣቸውና ወደ ኋላ ተንሸራተው ወረዱ። አጥንት አልተሰበረም። መዳፋቸው ተልጧል፣ አንገታቸውን እሾህ ቧጭሮታል፣ ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ማንንም አልተቆጡም። «ወንበሩን አንሱልኝ» ብቻ አሉ።

በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ደጃፍ ላይ ሆነው አስጠሩኝ። የእኛ ክፍል መሬት ላይ ነው። እጃቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጭናቸው ላይ የቃለ ጉባኤው ቅጂ አለ።

«ባርሲስቱ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉ። «ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት ዲግሪ ማለት ምን ያህል ነው?»

«ትንሽ ነው» አልኩ።

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ያው… ሜዳ ማለት ነው።»

«ገባኝ» አሉ። «ሜዳ ላይ ነው የወደቅኩት።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሰው የሌለበትን አቅጣጫ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አላወቅሽም ነበር?» አሉኝ።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

መልስ ፈለግኩ። ያገኘሁት እውነተኛው ብቻ ነበር። «ዝናብ እየመጣ ነበር» አልኳቸው።

«ዝናብማ ይመጣል» አሉና ወንበራቸውን አዙረው ሄዱ።

ማታ ሳልጠብቅ፣ በምሳ ሰዓት ባጃጅ ይዤ ወጣሁና ባትሪ ገዝቼ እዚያው ሱቁ ባንኮኒ ላይ ካልኩሌተሬን ከፈትኩ። ዘጠና ለሁለት መቶ፣ የታንጀንት ግልባጭ። ሃያ አራት ነጥብ ሁለት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ያንኑ ተጫንኩ። ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት። ከላይ ጥግ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ምልክት አለች፤ ስልኩ በራዲያን እየሠራ እንደሆነ ትናገራለች። ራዲያን ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ አንዱ ራዲያን ሃምሳ ሰባት ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የምክትሉም ስልክ እንደዚሁ ነበር፤ ስልኩ አልዋሸም። እሱ በሜትር ነግሮኝ እኔ ሴንቲሜትር ብዬ እንደመጻፍ ያለ ነው። በየዓመቱ ፈተና ላይ ቢያንስ ሃያ ተማሪ ይህን ስህተት ይሠራል፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ተጠንቀቅ!» እያልኩ እጽፋለሁ። ባለሱቁ «ባትሪው አልሠራም እንዴ?» አለኝ፤ ፊቴን አይቶ።

በቀጥታ ምክትሉ ጋ ሄድኩ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩት። «ራምፑ ሃያ አራት ዲግሪ ነው።»

«ሪፖርቱ ሄዷል።»

«እናርመዋ።»

«ፎቶውም ሄዷል። ማኅተም አርፎበታል። እንግዳው ራሳቸው አመስግነዋል።» እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ አየኝ። ክፉ ሰው አይደለም። በዚያው ሰሞን ለሁለተኛ ዲግሪ እያመለከተ ነበርና ስሙ በስህተት እንዳይነሳ ይፈራል። «ደግሞስ ሃያ አራት ለመሆኑ ማስረጃ አለሽ?»

«ታንጀንት ነው ማስረጃው።»

«የአንድ ሰው ታንጀንት ማስረጃ አይሆንም» አለ። «ያኛውም የአንቺው ታንጀንት ነበር።»

ይህ እውነት ነው። ስለዚህ በማግሥቱ አሥረኛ ክፍሎችን ይዤ ወጣሁ። ሃምሳ ሁለት ተማሪ፣ ስምንት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ሲባጎና ሜትር። ግማሾቹ ቁመቱንና መሬቱን ለክተው በታንጀንት ሠሩ። ሌሎቹ ቁመቱንና ራሱን ተዳፋቱን ለኩ፤ ተዳፋቱ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ሆነ፤ ቁመቱን ለእሱ አካፍለው በሳይን ያንኑ ማዕዘን አገኙ። በሁለት መንገድ አንድ ቦታ ሲደርሱ ደስታቸው ሌላ ነበር። በመሰላሉ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። አንድ ቡድን ብቻ ገልብጦ አካፈለና ስልሳ ስድስት አገኘ። የጮኹት ግን ከሁሉም በላይ እነሱ ናቸው።

ምክትሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ። «ስንት ሆነ?»

«ሃያ ሦስት!» «ሃያ አራት!» «ሃያ አራት ነጥብ ሁለት!» «ሃያ ስድስት!» «ስልሳ ስድስት!»

«አየሽ» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እናንተ ራሳችሁ አልተስማማችሁም። ቃለ ጉባኤው ቢያንስ አንድ ቁጥር ነው ያለው።»

የሬከርድ ኃላፊው ይህን ሁሉ ከጥላው ሥር ሆነው ያዩ ነበር። ከወደቁ ወዲህ ዘበኞቹ እንደገና ይሸከሟቸው ነበርና፣ እስኪያወጧቸው የሚጠብቁ መሰለን እንጂ ማንም ልብ አላላቸውም። ከተማሪዎቹ አንዷን ጠርተው እንዴት እንደሚለካ ጠየቋት። ልጅቷ ደብተሯን ዘርግታ ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። እሳቸውም እንደ ትጉ ተማሪ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ በራምፑ ግርጌ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ አገኘሁ። ከፊቱ «ሬከርድ ክፍል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከኋላው እሳቸው ተቀምጠዋል።

ምክትሉ እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ቢሮዬ ገብቼ ሥራ እየሠራሁ ነው።»

«ቢሮዎ እኮ እላይ ነው!»

«በቃለ ጉባኤው መሠረት እዚህና እዚያ መካከል ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት ዲግሪ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ባርሲስቱን ጠየቅኋት፤ ሜዳ ነው አለችኝ። ሜዳ ከሆነ እዚህም ያው ቢሮ ነው።»

«ፋይሎቹስ?»

«ፋይሎቹ ሜዳው ጫፍ ላይ አሉ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

የሰው ፋይል ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይነካ የሚል መመሪያ ነበር። መመሪያውን የጻፈው ምክትሉ ነው። ዘበኞች ጠርቶ ተሸክመው እንዲያወጧቸው አዘዘ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው፣ «ለምን? ራምፕ ተሠርቶልኛል። እንግዳው መጥተው መርቀውታል» አሉ። ዘበኞቹ ወደ እሳቸውም ወደ ምክትሉም አይተው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ውጤታቸውን የሚፈልጉ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ዝውውር የጠየቁ መምህራን፣ ከገጠር የመጡ ወላጆች ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። እሳቸው የእያንዳንዱን ጥያቄ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መዝግበው፣ «አካም ቡልታን» ብለው ሰላም ብለው፣ የሰጧቸውን ማመልከቻ ተቀብለው፣ ፋይሉ ሲደረስበት እንደሚሠራላቸው ይነግሯቸዋል። መቼ ነው ሲባሉ ራምፑን በእጃቸው ያሳያሉ። አንድ የገበሬ አባት ራምፑን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «በሬ እንኳ ይህን አይወጣም» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ውስጥ ምክትሉን አየሁት። ለሁለተኛ ዲግሪው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነው። ተራው ሲደርስ የተባባሉትን አልሰማሁም። ብቻ ሲመለስ ክፍሌ ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«በአምስት ዲግሪ ቢሆን ስንት ሜትር ያስፈልጋል?» አለኝ።

ሠሌዳው ላይ ሠራሁለት፤ ተማሪዎቹም እያዩ። ዘጠናን ለአምስት ዲግሪ ታንጀንት ማካፈል ነው። አሥር ሜትር ከሠላሳ ገደማ መጣ። ካልኩሌተሩ በዲግሪ መሆኑን ሦስት ጊዜ አየሁ።

«ባንዲራው ከበረንዳው ሰባት ሜትር ላይ ነው ያለው» አለ ምክትሉ።

«ይነሳ።»

«ባንዲራ ማንሳት ፈቃድ ይጠይቃል።» ትንሽ አሰበ። «በግድግዳው ጥግ ቢሆንስ?»

ግንበኛው እንደገና ተጠራ። እኔም ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ አየው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ አንድ ረጅም ቀጭን ቱቦ ውሃ ሞልቶ ከግድግዳው ጋር እያስጠጋ ምልክት ማድረግ ጀመረ። ሲባጎ ወጠረ። ግማሹን መንገድ በግድግዳው ጥግ ሄዶ፣ ዊልቸር የሚዞርበት ሜዳ ትቶ፣ ሌላውን ግማሽ ወደ በረንዳው መለሰው።

«በስንት ዲግሪ ነው የምትሠራው?» አልኩት።

«ዲግሪ አላውቅም ቲቸር። ሲሚንቶ በጋሪ የሚገፋ ሰው ሳይደክመው የሚወጣው በየክንዱ ሁለት ጣት ከፍ ሲል ነው።»

«አንድ ክንድ ስንት ጣት ነው?»

«ሃያ አራት።»

ሁለት ለሃያ አራት፣ አንድ አሥራ ሁለተኛ። የታንጀንቱን ግልባጭ ተጫንኩ። አራት ነጥብ ሰባት ስድስት።

«ልክ ነው!» አልኩት።

«ሲሪዳ» አለ፣ ልክ መሆኑን መጠራጠሬ ገርሞት። ቀድሞውንም ልክ ነው ማለቱ ነው።

«ታዲያ ያን ጊዜ ይህን ለምን አልነገርከንም?»

«ተራራ ነው አልኩ እኮ» አለ። «በሁለት ሜትር ጨርስ ተባልኩ፤ ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቃችሁት ስልኩን ነው እንጂ እኔን የጠየቀኝ የለም።»

አሮጌው ራምፕ አልፈረሰም። ቢፈርስ ተሳስተን ነበር ማለት ይሆናል። ስለዚህ አዲሱ ጥገና ሳይሆን «ምዕራፍ ሁለት» ተባለና አዲስ ቃለ ጉባኤ ተጻፈለት። ማዕዘኑ አራት ነጥብ ሰባት ስድስት ዲግሪ ብዬ ፈረምኩ። እንግዲህ በወረቀት ደረጃ፣ አዲሱ ራምፕ ከአሮጌው ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ የሚያዘቀዝቅ ሆነ። ምክትሉ ይህን ሲያይ ደነገጠ። «ትንሽ ዝቅ ማድረግ አይቻልም?» አለኝ። ራምፑን መስሎኝ ነበር፤ ቁጥሩን ነው።

እኔም ስህተቴን የሚገልጽ የእርማት ደብዳቤ ጽፌ ለሬከርድ ኃላፊው ሰጠሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ገቢ» የሚል ማኅተም መቱበት፣ ቁጥር ሰጡት፣ ከሁለቱ ቃለ ጉባኤዎች ጋር አያያዙት።

«ለማን ይመራል?» አልኳቸው።

«ለፋይሉ» አሉ። «ማንም አያነበውም። አይዞሽ፣ የመጀመሪያውንም ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ይቅርታ አድርገውልኝ እንደሆነ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። አልጠየቅኋቸውም።

ሲሚንቶው ደርቆ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡበት ጠዋት ጭጋግ ነበር። መምህራኑ በረንዳው ላይ ተደርድረን ጠበቅናቸው፤ አንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጅቷል። እሳቸው ከታች ጀምረው ጎማውን በዝግታ እየገፉ ወጡ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ቀና አሉ። «ሥራ የላችሁም?» አሉን። ተበተንን። እኔ ግን በመስኮት አየኋቸው። ከዘበኞቹ አንዱ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የተሸከማቸው፣ ሳይጠሩት ከኋላቸው ይሄድ ነበር። እጁን ከወንበሩ ጀርባ ስንዝር ያህል አርቆ ዘርግቷል፤ አይነካም። እስከ በሩ ድረስ እንደዚያው ሄደ። ዞር ብለው አላዩትም፤ ግን የሚያውቁ ይመስለኛል።

በአሥር ሰዓት ገደማ ወረዱና ራሳቸው ሻይ ክበብ ገቡ። ሁለት ብርጭቆ ጠጡ አሉ። ጠጥተው ደግሞ ተመልሰው ወጡ።

በሳምንቱ ለዝውውር ማመልከቻ የሚሆን አንድ ወረቀት ፈልጌ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ የምሞላው ነው፤ ሞልቼ አስገብቼው ግን አላውቅም። በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ጓደኝነታችንን ተማምኜ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

«አካም ቡልተ፣ ባርሲስቱ» አሉኝ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «አምስተኛ ነሽ።»

ተመልሼ ከአራት ሰዎች ኋላ ቆምኩ።